ምልክቱን ያየ ትእዛዝ አይጠብቅ
በባሕር ዳር ለጣና ዳርቻ ነዋሪዎች፣ ለባለጀልባዎችና ለመምህራን የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራን የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ነዋሪዎች፣ ከዘጌ፣ ከደቅ፣ ከፎገራና ከደንቢያ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ባለጀልባዎች፣ ዓሣ አስጋሪዎች፣ መምህራን፣ አባቶችና እናቶች፣ እንደምን አላችሁ?

ጥቅምት 26 የዓለም የሱናሚ ግንዛቤ ቀን ነው። «ሱናሚ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? ጣና ሐይቅ ነው፣ ቀይ ባሕር ከዚህ ሩቅ ነው» የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችሁ ልብ ውስጥ እንዳለ እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሳንሸፋፍን እንመልሳለን። ጣና ላይ እንደ ውቅያኖሱ ያለ ሱናሚ አይጠበቅም። እዚህ የቆምነው በሁለት ምክንያት ነው። ከዚህ አካባቢ የወጡ ብዙ ልጆቻችን ዛሬ የሚኖሩት ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ቦሳሶ፣ ኤደን፣ ሙስካት፣ ቤይሩት። በስልክ ስታገኟቸው ልትነግሯቸው የሚገባ ነገር አለ። ሁለተኛው ምክንያት እዚሁ ደጃችን ያለው ውኃ ነው። በጣናም ሆነ በውቅያኖስ ሰው የሚተርፈው ምልክቱን አስቀድሞ ካወቀ፣ የሚሸሽበትን ከፍታ አስቀድሞ ከመረጠ፣ ምልክቱን ባየ ጊዜም ማንንም ሳይጠብቅ ከተነሣ ነው።

ቀኑ ጥቅምት 26 የሆነው ያለ ነገር አይደለም። በ1847 ዓ.ም. በጃፓን፣ ሂሮ በምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር፣ መሬት ክፉኛ ተንቀጠቀጠ። ሃማጉቺ ጎርዮ የሚባል የመንደሩ ባለሀብት ሱናሚ እንደሚመጣ ተረዳ። መሽቶ ስለነበር ሰው በጨለማ መንገድ ጠፍቶት ይወናበድ ነበር። ሃማጉቺ ያደረገው ከፍ ባለው ቦታ ላይ የተከመረውን የራሱን የሩዝ ነዶ በእሳት ማያያዝ ነው። ሰዉ እሳቱን እያየ ወደ ዳገቱ ወጣ፤ ብዙ ነፍስም ተረፈ። የፎገራ ገበሬዎች ሆይ፣ ክምር ማቃጠል ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰውየው በዚያም አላበቃም፤ 600 ሜትር ርዝመትና 5 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ አሠራ። በ1939 ዓ.ም. ሌላ ሱናሚ በመጣ ጊዜ የመንደሩን አብዛኛውን ክፍል ያዳነው ያ ግድብ ነው።

አሁን ሱናሚ ምን እንደሆነ በአጭሩ እንናገር። በየቀኑ የምናየውን ሞገድ የሚያነሣው ነፋስ ነው፤ ነፋስ የሚያንቀሳቅሰው የላይኛውን ውኃ ብቻ ነው፤ ጠለቅ ብሎ ወደ ታች ቢወረድ ውኃው ጸጥ ብሏል። ሱናሚ የሚነሣው ግን ከባሕሩ በታች ያለው ምድር በድንገት ሲነሣ ወይም ሲሰምጥ፣ ወይም ተራራ ተንዶ ባሕር ውስጥ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ከወለሉ እስከ ገጹ ያለው ውኃ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ፍጥነቱን የሚወስነው ጥልቀቱ ነው፤ 4,000 ሜትር ጥልቀት ባለው ውቅያኖስ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ይህ የጄት አውሮፕላን ፍጥነት ነው። መካከል ባሕር ላይ ከፍታው ከአንድ ሜትር ሊያንስ ስለሚችል በመርከብ ላይ ያለ ሰው ላያውቀው ይችላል። ወደ ዳርቻው ሲጠጋና ጥልቀቱ ወደ 10 ሜትር ሲወርድ ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፊተኛው ውኃ ሲዘገይ ኋለኛው ይደርስበታል፣ ይደራረባል፣ ከፍ ብሎ ይቆማል። ዳርቻው ላይ ከሰው የሚደርሰው ይህ የተደራረበው ውኃ ነው፤ መጥቶም እንደ ተራ ሞገድ ወዲያው አይመለስም፣ ደቂቃዎች ሙሉ ወደ ውስጥ መፍሰሱን ይቀጥላል።

ሐይቅ ላይም ሆኖ ያውቃል። በ6ኛው መቶ ዘመን በጄኔቫ ሐይቅ ጫፍ ተራራ ተንዶ ያስነሣው ማዕበል ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለችውን የጄኔቫን ከተማ መትቷል። በ1956 ዓ.ም. መስከረም ላይ ጣሊያን ውስጥ ቫዮንት በተባለው ግድብ ሐይቅ ውስጥ 260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያህል ተራራ ገባ፤ ውኃው ግድቡን አልፎ ወደ ታች ወርዶ 2,000 የሚጠጋ ሰው ገደለ። እነዚያ ሐይቆች ጥልቅና ቀጥ ባለ ተራራ የተከበቡ ናቸው። ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም፣ አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር ነው፣ ዙሪያው በአብዛኛው ሜዳ ነው። ስለዚህ በስልካችሁ «ጣና ሱናሚ ሊያስነሣ ነው» የሚል ወሬ ቢደርሳችሁ ለሌላ ሰው አታስተላልፉት። በሐሰት የተሸበረ ሰው እውነተኛው ማስጠንቀቂያ የመጣ ዕለት አይነሣም።

አሁን ባሕር ማዶ ላሉት ልጆቻችን። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያዋ ደሴት በሱማትራ አጠገብ መጠኑ 9.1 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሥቶ፣ ሱናሚው በ14 አገሮች ወደ 230,000 የሚጠጋ ሰው ገደለ። እኛን ሊያስተምረን የሚገባው ሱማሊያ ላይ የሆነው ነው። ማዕበሉ ከሱማትራ ሱማሊያ ለመድረስ 7 ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። ሰባት ሰዓት አንድ መንደር ሽማግሌውንና ሕፃኑን ይዞ በእግሩ ሄዶ ከፍ ያለ ቦታ የሚደርስበት ጊዜ ነው። የነገራቸው አልነበረም። ሃፉን በተባለው ልሳነ ምድርና በአካባቢው ወደ 300 ሰው ሞተ። በዚያው ዕለት ከመንቀጥቀጡ መነሻ አጠገብ ባለችው በሲሜሉዌ ደሴት ግን 78,000 ከሚያህለው ነዋሪ የሞተው 7 ሰው ነው። የሲሜሉዌ ሰዎች የማስጠንቀቂያ ሳይረን አልነበራቸውም። በ1899 ዓ.ም. አያቶቻቸው ያዩትን ለልጆቻቸው በእንጉርጉሮ ሲነግሩ ኖረዋል፤ መሬት ክፉኛ ከተንቀጠቀጠና ባሕሩ ከሸሸ ወደ ኮረብታው ሩጥ የሚል ነው። ሮጡ፣ ተረፉ።

ለልጃችሁ በስልክ የምትነግሩት ይህንን ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ሆነሽ መሬት ብርቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም መንቀጥቀጡ ቀለል ያለ ቢመስልም ከ20 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ያ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። መንቀጥቀጡ እስኪያበቃ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብለሽ ራስሽን ሸፍኚ፤ እንደቆመ ወዲያው ውጪ። ባሕሩ ከወትሮው ውጪ ወደ ኋላ ሸሽቶ አሸዋውና ድንጋዩ ቢገለጥ ያም ምልክት ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ብዙ ሰው የሞተው የተገለጠውን አሸዋ ሊያይና የተንፈራገጠውን ዓሣ ሊለቅም ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ከባሕሩ በኩል እንደ ባቡር ያለ ጉርምርምታ ቢሰማም ቆሞ ማዳመጥ የለም። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል፤ ሦስቱም እስኪሟሉ የሚጠብቅ ሰው ጊዜ አይተርፈውም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፓሉ በምትባል ከተማ መስከረም 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ማዕበሉ የደረሰው ከመንቀጥቀጡ በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ወዴት? ከባሕር ወለል 30 ሜትር ከፍ ወዳለ ቦታ፣ ካልተቻለ ከባሕሩ 3 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ። ሁለቱም ካልተቻሉ ጠንካራ የብረትና የሲሚንቶ ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅና ከዚያ በላይ። በእግር ይኬድ፤ መኪና መንገዱን ይዘጋል፣ የተዘጋ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ ወጥመድ ነው። ወንዝ ዳር አይኬድ፣ ድልድይ ላይ አይቆም፤ ማዕበሉ በወንዙ ሽቅብ ከሜዳው ቀድሞ ይገባል። እስከ ጉልበት የማይደርስ ውኃም ቢሆን የሚፈስ ከሆነ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ የሚገድለው ውኃው ብቻ አይደለም፣ ይዞት የሚመጣው ግንድ፣ ቆርቆሮና መኪና ነው።

ሌላም የምትነግሯት አለ፤ የመጀመሪያው ማዕበል የመጨረሻው አይደለም። ከአሥር ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እየተራራቀ ለብዙ ሰዓታት ሊመጣ ይችላል፣ ትልቁም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው አይደለም። በ1956 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በካሊፎርኒያ፣ ክሬሰንት ሲቲ በተባለች ከተማ፣ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ማዕበሎች አለፉ ብለው ቤትና ሱቃቸውን ሊያዩ ተመለሱ። አራተኛው ከሁሉም የበረታ ነበር። «አልፏል» የሚል መግለጫ ከአገሩ ባለሥልጣን እስኪሰጥ ወደ ታች አይወረድም።

ቤይሩት በ6ኛው መቶ ዘመን በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ፈርሳለች። የኦማንን ዳርቻ ኅዳር 1938 ዓ.ም. ከመክራን፣ ከፓኪስታንና ከኢራን ደቡባዊ ዳርቻ በኩል የተነሣ ሱናሚ ነክቶታል። ይህን የምንለው ልጆቻችሁን ለማስፈራራት አይደለም፤ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በሩ ተቆልፎባት ሊሆን ይችላል፣ በአገሩ ቋንቋ የሚነገረውን ማስጠንቀቂያም ላትረዳው ትችላለች። ፎቅ ላይ ከሆነች ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት እንዳለባት ዛሬውኑ ትወቅ። ኦቦክ ዳርቻ ጀልባ የሚጠብቁ ልጆች ደግሞ የሚያድሩት አሸዋው ላይ ነው፤ ከጀርባቸው ያለው ከፍታ የት እንደሆነ ገና ሲደርሱ፣ በብርሃን ይዩት።

የባሕሩን ነገር እዚህ ላይ እናቁምና ወደ ጣና እንመለስ። ብዙውን ጊዜያችንን የምንሰጠው ለዚህ ነው።

ጣና ሰፊ ነው፤ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲመታው ቶሎ ይናወጣል፤ ሞገዱ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል። ረጅሙን የውቅያኖስ ሞገድ ትንሽ ጀልባ ትወጣዋለች፣ ትወርደዋለች። የጣናው አጭር ሞገድ ግን ጀልባዋ ከአንዱ ሳትላቀቅ ሌላው ይደርስባትና ውኃ ያስገባባታል። ነፋሱ ለሰዓታት በአንድ አቅጣጫ ከነፈሰ ደግሞ ውኃውን ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፤ ነፋሱ ሲያቆም፣ ትሪ ላይ ያለ ውኃ ትሪው ሲነካ ወዲያ ወዲህ እንደሚል፣ ሐይቁም በዝግታ ወዲያና ወዲህ ይላል። ስለዚህ ወጀቡ ካለፈ በኋላ ውኃው ሲሸሽ ያየ ሰው ልጆቹን ወደ ተገለጠው ጭቃ አይልቅ፤ የተገፋው ውኃ ተመላሽ ነው።

ታንኳ ቀዛፊዎች እንደምታውቁት ጣና ጠዋት ይረጋል፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ያነሣል። ክረምት ሲሆን ከሰዓት በኋላ ደመናው ጠቁሮ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ወደ ደሴት የሚሄድ በማለዳ ይሂድ፣ ከቀትር በፊት ይመለስ፤ ሰማዩ በየትኛውም በኩል ከጠቆረ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ በድንገት ፊት ላይ ከመጣ፣ ከሩቅ ውኃው ላይ ነጭ አረፋ ከታየ፣ ባለጀልባው መድረሻውን ትቶ ቅርብ ወዳለው ዳር ይዙር። ተሳፋሪ «ልንደርስ ነው፣ ቀጥል» ይላል። ባለጀልባው እንዲህ ያለውን አይስማ። የመብረቅ ብልጭታ ታይቶ ነጎድጓዱ 30 እስክትቆጥሩ ድረስ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስባችሁ በሚችልበት ርቀት ውስጥ ነው፤ ከውኃው ውጡ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ። ዳር ላይ ካለ ብቸኛ ዋርካ ሥርም አትጠለሉ።

አደጋው የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ገና ወደብ ላይ፣ በጭነት ነው። በተለይ የንግሥ ቀን። የካቲት 16 ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሻገረው ምእመን ብዛት የታወቀ ነው፤ «አንድ ሰው ብቻ፣ እባክህ» ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ከሰው ላይ ሰው በተጫነ ቁጥር የጀልባዋ ጠርዝ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ጠርዙ ከውኃው ከአንድ ክንድ በታች ከሆነ የጣና ሞገድ ይዘለዋል። የገባው ውኃ ደግሞ ጀልባዋ ባዘነበለችበት በኩል ይሰበሰብና ይበልጥ ያዘነብላታል። ተሳፋሪ ደንግጦ ሲነሣ ወይም ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ትገለበጣለች። ስለዚህ ወጀብ ሲነሣ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ወርዶ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፤ የእንጨቱና የእህሉ ጭነት መካከል ላይ ታስሮ ይቀመጥ። ባለጀልባው የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ሞገዱ ትንሽ አግድም አድርጎ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ፍጥነቱን ይቀንስ። ጎኗን ለሞገድ የሰጠች ጀልባ ናት የምትገለበጠው፤ ሞተሯ የጠፋባት ጀልባም ሳትወድ ጎኗን ትሰጣለች።

ሞተር በመካከል የሚጠፋበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ውኃ የተቀላቀለበት ቤንዚን፣ የቆሸሸ ካንዴላ፣ ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ እምቦጭ ወይም መረብ። ቤንዚኑን በጨርቅና በማጥለያ አጥልሉ፣ አንድ ትርፍ ካንዴላና መፍቻ ከጀልባው አይለይ፣ ሁለት መቅዘፊያ ሞተር ባለው ጀልባም ላይ ይኑር። እምቦጭ ሲነፍስ ይሄዳል፤ ጠዋት ባዶ የነበረው መውጫ ከሰዓት በኋላ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል፣ ስለዚህ ሁለተኛ መውጫ እወቁ። የመልሕቅ ገመድ ከጥልቀቱ ቢያንስ አምስት እጥፍ ይርዘም። 8 ሜትር ጥልቀት ላይ 40 ሜትር ማለት ነው። አጭር ገመድ መልሕቁን ወደ ላይ ስለሚስበው አይነክስም፣ ይንሸራተታል።

ስለ ደንገል ታንኳ አንድ ነገር እንጨምር። ደንገል የሚንሳፈፈው በውስጡ ባለው አየር ነው፤ ውኃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይጠጣል፣ ይከብዳል። ሌሊቱን ውኃው ላይ ታስሮ ያደረ ታንኳ ጠዋት እንደ ትናንቱ አይሸከምም። ሥራ ሲያበቃ ወደ ዳር አውጥቶ አቁሞ ማድረቅ የአባቶች ልማድ ነው፤ ከጥንቃቄ ሁሉ ርካሹ ይኸው ነው።

የሕይወት ጃኬት ብዙ ጀልባ ላይ አለ፤ ያለው ግን ከወንበር ሥር ነው። በማዕበል መካከል፣ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ጃኬት ፈልጎ መልበስ አይቻልም፤ የሚለበሰው ከወደብ ሳይነሡ ነው። ከነጠላው ወይም ከጋቢው በላይ ሳይሆን ነጠላውና ጋቢው ወልቆ ይለበስ፤ የራሰ ጋቢ እጅግ ይከብዳል፣ እጅና እግርም ይይዛል። ማሰሪያዎቹ ሁሉ ከተያያዙ በኋላ አንድ ሰው ከትከሻው ላይ ወደ ላይ ይጎትተው፤ ጃኬቱ አገጭና ጆሮ ከደረሰ ላልቷል፣ ውኃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። የልጅ ጃኬት በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ይኑረው። ለትልቅ ሰው የተሠራ ጃኬት ለአምስት ዓመት ልጅ ማልበስ እንደሌለ ይቆጠራል። ስፖንጁ የተሰባበረ ወይም ውኃ የጠጣ ጃኬትም እንዲሁ፤ ባልዲ ውስጥ ጨምቃችሁ ስትለቁት ከከበደ ጣሉት።

ጀልባ ቢገለበጥስ? ከጀልባው አትለዩ። የእንጨት ጀልባ ተገልብጦም ይንሳፈፋል፤ የደንገል ታንኳም እንደዚሁ። ዳሩ ቅርብ ይመስላል፤ በውኃ ላይ ርቀት ያታልላል። ጎበዝ ዋናተኞች የሚሞቱት ጀልባውን ትተው ወደ ዳር ሲዋኙ ነው። ጀልባውን ይዞ የቀረ ሰው ለሚፈልገውም በቀላሉ ይታያል። ልጆቹን መካከል አድርጋችሁ ተያያዙ፣ ጉልበታችሁን ወደ ደረታችሁ ሰብስቡ፤ የጣና ውኃ ቀዝቃዛ ባይባልም በሰዓታት ውስጥ ሙቀት ይጨርሳል። ፉጨት በጃኬቱ ላይ ካለ ሦስት ጊዜ ንፉ፣ አርፉ፣ ሦስት ጊዜ ንፉ። ጩኸት ጉልበት ይጨርሳል።

ዳር ላይ ሆናችሁ ለምታዩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ የሚሰምጥ ሰው አይጮኽም። አፉ ውኃው ላይ እየወጣ እየገባ ነውና ድምፅ የሚያወጣበት ትንፋሽ የለውም፤ እጁ በሁለት ጎኑ ውኃውን ይጫናል፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ያቀናል። ዘላችሁ አትግቡ። አንድ ልጅ ሲሰምጥ ወንድሙ፣ ወንድሙን ተከትሎ አባቱ የሚሞትበት ነገር እዚህ አገር የተለመደ ሐዘን ነው። ሰምጦ የሚታገል ሰው የያዘውን ሁሉ ይጫናል። የሚያስፈልገው በየቤቱ ያለው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን ነው። አንድ ሊትር ያህል ውኃ ጨምሩበት፤ ባዶውን ነፋስ ይመልሰዋል፣ ትንሽ ክብደት ያለው ግን ሩቅ ይወረወራል። ክዳኑን አጥብቁ። እጀታው ላይ 20 ሜትር ገመድ እሰሩ፣ የገመዱን ጫፍ በእግራችሁ ርገጡ፣ ከሰውየው አሻግራችሁ ወርውሩና ወደሱ ጎትቱ። ይህ ጄሪካን ትልቅ ሰው ይዞ ያንሳፍፋል። በየወደቡ፣ ልብስ በሚታጠብበት ቦታ ሁሉ፣ ልጆች በሚዋኙበት ዳር አንዳንድ ጄሪካን ከነገመዱ ተሰቅሎ ይቀመጥ፤ ለሌላ ሥራ ማንም እንዳያነሣው ቀይ ይቀባ።

የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ቁልቁል አትዘቅዝቁት፣ ሆዱንም አትጫኑት፤ ሆዱ ያለው ውኃ ተመልሶ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ውድ ጊዜም ይባክናል። በጀርባው አስተኙት፣ ግንባሩን ወደ ኋላ አገጩን ወደ ላይ አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡ። ካልነቃ በሁለቱ እጆቻችሁ መዳፍ ደረቱ መካከል ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲገባ 30 ጊዜ ጫኑ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት፤ ከዚያ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30። ሌላው ሰው በዚያው ቅጽበት 907 ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። ሰውየው ቢነቃም ጤና ተቋም ይሂድ፤ ሳንባው ውስጥ የገባው ውኃ ከሰዓታት በኋላ ሊያፍነው ይችላል።

ጎርፉን በተመለከተ በአጭሩ፤ የፎገራና የደንቢያ ሰዎች ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የጣና ውኃ ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ሲሆን የሚሞላው መስከረም ላይ ነው፤ በመካከሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይነሣል። መሬቱ በአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ በሚያዘቀዝቅበት ሜዳ ውኃው አንድ ሜትር ሲነሣ ዳርቻው አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ርብና ጉማራ ሲመጡ የሚገቡበት ስለሚያጡ ወደ ኋላ ተመልሰው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሜዳው የተጥለቀለቀው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ጉና ላይ የዘነበውን እየሰማችሁ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም፣ ዕቃችሁን ማንሣት ጀምሩ። ከውኃው ዳር ግንድ ትከሉና በየግማሽ ክንዱ ቀለም ቀቡት፤ ጠዋትና ማታ የሚያየው አንድ ሰው ይመደብ። ውኃው ከማታ እስከ ጠዋት አንድ ምልክት ከጨመረ ሕፃናትና አዛውንት ቀድመው ይነሡ።

ማገጃ የምትሠሩ ከሆነ የማዳበሪያውን ከረጢት እስከ አፉ አትሙሉት፤ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ። ጢም ያለ ከረጢት ክብ ሆኖ በመካከሉ ውኃ ያሳልፋል፣ ጎደል ያለው ግን ሲረገጥ ይጋደማል። እንደ ሸክላ ግንብ የላይኛው የታችኛውን መጋጠሚያ እየሸፈነ ይደርደር፤ አንድ ሜትር ከፍታ ከፈለጋችሁ ሥሩ ሦስት ሜትር ይስፋ። ከብት ታስሮ አይተው። የቤት ካርታ፣ መታወቂያና የመሬት ደብተር በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ይንጠልጠል። ከጎርፍ በኋላ የጉድጓድና የሐይቅ ውኃ ሳይፈላ ወይም በክሎሪን ሳይታከም አይጠጣ፤ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ልክ በልክ በጥብጣችሁ በየጊዜው አጠጡ። ውኃው ሲሸሽ ወባ ይከተላል፤ አጎበሩን ከዕቃው ቀድማችሁ አውጡ።

ከጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ በር በታች፣ በዓባይ ላይ ልብስ ለምታጥቡና ለምትታጠቡ ልጆች፣ ሰማዩ ጠርቶም ቢሆን ከላይ በሩ ሲከፈት ወንዙ ሊነሣ ይችላል። የሚፈሰው ውኃ ድምፁ ቢለወጥ ወይም ድንጋዩ ላይ የነበረው የውኃ መስመር ቢጠፋ ዕቃ ሳትሰበስቡ ውጡ።

ማስጠንቀቂያው በየሰፈሩ አንድ ዓይነት ይሁን። የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ከሳይረን ቀድመው አሉን፤ ከካህናቱና ከኢማሞቹ ጋር ተስማምታችሁ ለጎርፍና ለማዕበል ብቻ የሚሆን አንድ አደዋወል ወስኑ፣ ለቅሶና ቅዳሴ ከሚደወልበት ይለይ። ተማሪዎች በወር አንድ ጊዜ ከመማሪያ ክፍላቸው እስከ ተመረጠው ከፍታ በእግር ይሂዱ፤ መምህሩ ሰዓቱን ይያዝ፣ ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ይያዙ። በጃፓን፣ ካማይሺ በምትባል ከተማ፣ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ትልቁ ሱናሚ ሲመጣ ወደ 3,000 የሚጠጉ ተማሪዎች የተረፉት ለዓመታት ይህንኑ ሲለማመዱ ስለነበር ነው። ከእነሱ አንዳንዶቹ በልምምዱ ከታቀደው ቦታ ሲደርሱ ቦታው አስተማማኝ ስላልመሰላቸው ይበልጥ ከፍ ወዳለ ቦታ ወጡ። የመጀመሪያው ቦታ ተጥለቅልቋል።

ከእያንዳንዱ ወደብ ሁለት ሰው እዚህ ይቅርልን። የቀረነው አሁን ወደ ውኃው ዳር እንወርዳለን፤ አምስት ጄሪካን፣ አምስት ገመድና የልጅና የአዋቂ ጃኬቶች ተዘጋጅተዋል። መጀመሪያ እናቶች፣ ቀጥሎ ታንኳ ቀዛፊዎች ትወረውራላችሁ፤ ልጆች ደግሞ ጃኬቱን ለብሳችሁ ከትከሻችሁ ስንጎትታችሁ ልኩን እናያለን። ጃኬቱን የምታወጡት ማሰሪያዎቹን ራሳችሁ ፈታችሁ መልሳችሁ ካሰራችሁ በኋላ ነው።